ወለም ያለ እግር በውጭ በኩል ሲያብጥ ከመታሸቱ በፊት ምን መታየት አለበት?

በዘጌ ቡና መካከል ሥርና ድንጋይ በበዛበት መንገድ ላይ፣ ወይም በባሕር ዳር የኮብልስቶን ጠርዝ ላይ እግሩን ወለም ያለው ሰው ውጫዊ ጎኑ ሲያብጥ፣ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያስበው ወጌሻ መጥራትን ነው። ወጌሻ የብዙ ሰው እምነት ያረፈበት ባለሙያ ቢሆንም፣ የተሰነጠቀ አጥንት ሲታሽ ከቦታው ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ማንም እግሩን ከመንካቱ በፊት ስብራት አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት።

እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጫናው የሚያርፈው በቁርጭምጭሚት ውጫዊ ጎን ባሉት ጅማቶች ላይ በመሆኑ፣ አብዛኛው እብጠት የእነዚህ ጅማቶች መለጠጥ ወይም መበጠስ ውጤት ነው። ሆኖም ያው መታጠፍ ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ የሚዘልቀውን ረጅም አጥንትም ሊሰብር ይችላል፤ ብዙ ጊዜ «ወለምታ ነው» ተብሎ የሚታለፈውም ይኸው ስብራት ነው።

ለመለየት ተጎጂውን አስቀምጦ በእግሩ ውጫዊ ጠርዝ መካከል ላይ ጎላ ብሎ የሚዳሰሰውን የአጥንት ጉብታ በአውራ ጣት ቀስ ብሎ መጫን፣ ቀጥሎም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ጫፍና የኋላ ጠርዝ በውጭም በውስጥም በኩል እንዲሁ መዳሰስ ያስፈልጋል። አጥንቱ ራሱ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ተጎጂው እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ራጅ መነሣት አለበት። ይህ በኦታዋ የካናዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ካወጡት መመሪያ የተወሰደ ነው። በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ሕመሙ ላይሰማው ስለሚችል በዚህ ምርመራ ብቻ መተማመን የለበትም። በባሕር ዳር ከተማ የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ይገኛሉ።

እስከዚያው እግሩን ከልብ ከፍታ በላይ በትራስ ደግፎ ማስተኛት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶም በየጥቂት ሰዓቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ ይጠቅማል። በተለምዶ የሚደረገው በሙቅ የጨው ውኃ መዘፍዘፍ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እብጠቱን ሊያባብስ ስለሚችል ቢቀር ይሻላል። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ግን በቀርከሃ ተጠፍሮ የታሰረ እግር ነው፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው ሌሊትም ቢሆን በዚያው ቅጽበት መፈታት አለበት፤ ደም ያጣ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳልና።

ሳይወድቁ የሚመጣ እብጠት ሌላ ምክንያት አለው። ሩጫ ወይም ረጅም ጉዞ ያበዛ ሰው ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት በስተኋላ የሚያልፉት ጅማቶች ሊቆጡበት፣ ወይም አጥንቱ ቀስ በቀስ ሊሰነጠቅበት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በራጅ ላይታይ ስለሚችል ሕመሙ ካልቀነሰ መድገም ተገቢ ነው። በሌሊት ድንገት የሚቀላና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት ካለው ወይም በጣቶች መካከል ቁስል ካለ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ መታከም አለበት። ሁለቱም እግሮች አብረው ካበጡ ልብ፣ ኩላሊትና ጉበት ይመረመራሉ፤ የባት እብጠትና ሕመም በአንድ እግር ብቻ ሲታይ ደግሞ የደም መርጋት ስለሚያሰጋ ማሸት ፈጽሞ አይገባም።

በጎጃም ደጋ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ ቀስ በቀስ እያበጠ ቆዳው ከሻከረ፣ ዝሆኔ የሚባለው ሕመም መጀመሩ ሊሆን ይችላል። እርግማን አይደለም፤ ከአፈሩ የሚገባው ረቂቅ ማዕድን የሚያመጣው በመሆኑ፣ ገና ሲጀምር እግርን በየዕለቱ በሳሙና በማጠብና ዘወትር በመጫማት ሊገታ ይችላል።