ጋዝ ምሽግ ውስጥ ሲገባ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ጉዳዩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ላይ የተለቀቀው መርዝ ጋዝ ነው፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ማየትንና የማስጠንቀቂያ ደወል መደወልን የማያውቅ ስለሌለ አልፌዋለሁ።

ምልክት፦ ቢጫ አረንጓዴ ጉም መሬት ለመሬት እየተሳበ ይመጣል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሳል አላቆም ይላል።

ክሎሪን ነው። ኤፕሪል 22 ቀን 1915 ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር አጠገብ 168 ቶን ያህል ሲለቁ፣ ፊት ለፊት የነበሩት ፈረንሳዮችና አልጄሪያውያን ምንም መከላከያ አልነበራቸውም። ጋዙ ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ስለሚከብድ ጎድጓዳ ቦታ ይሞላል። ምሽጉ ወለል ላይ የተኛ ቁስለኛ ክፉኛ ይጎዳል። ወደ ኋላ የሚሮጠውንም ጉሙ በነፋሱ እየተነዳ አብሮት ይሄዳል፤ እያለከለከ ደግሞ አብዝቶ ይስባል። ስለዚህ ቁስለኛውን ከፍ አድርጉ፣ ተኳሽ የሚቆምበት እርከን ላይ ቁሙ፣ አትሩጡ። ጭምብል ከሌለ ጨርቅ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ፣ እሱም ከታጣ በሽንት አርጥባችሁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ለእንግሊዝ ወታደሮች ከአገራቸው በጥድፊያ ተሰፍቶ የተላከውን የጥጥ ንጣፍ ግን ተዉት። ደረቁ ጋዝ ያሳልፋል፣ የረጠበው ትንፋሽ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ለወታደር መላክ ነውር ነው።

ምልክት፦ ጠመንጃው አልተኩስም ይላል። ክሎሪን ብረት ይበላል። ወልውላችሁ ዘይት ቀቡት።

ምልክት፦ ጭምብል ነበረው፣ ግን ተመረዘ።

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጥፋቱ የማጣሪያው አይደለም። ሰውየው አውልቆታል። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዞች ጭምብሎች መድኃኒት የተነከሩ የፍላኔል ከረጢቶች ነበሩ፤ ራስ ላይ ይጠለቁና ጫፋቸው ኮሌታ ሥር ይወተፋል። ላብና ዝናብ ሲነካቸው መድኃኒቱ እየወረደ ግንባርና ዓይን ያቃጥላል፣ መስታወቱም በትንፋሽ ይደፈናል። ያኔ ወታደሩ ጋዙ የገባበት ይመስለውና አንዴ ልተንፍስ ብሎ ጫፉን ይገልጣል። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1915 ፈረንሳይ ውስጥ ሎስ ላይ እንግሊዞች ራሳቸው የለቀቁት ጋዝ በአንዳንድ ቦታ ነፋሱ ከድቷቸው ተመልሶ ሲመጣባቸው፣ ማየትም መተንፈስም ያቃታቸው ሰዎች ከረጢቱን ገለጡ።

መፍትሄው ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው። ጨርቁ ራሱ ይሸታል፤ ያ ሽታ ጋዝ አይደለም። ሽታ ጠፋ ብላችሁ አታውልቁ። ጓደኛችሁ ስላወለቀም አታውልቁ። ኃላፊው ሳይፈቅድ አታውልቁ!

በ1916 የመጣው ባለ ቆርቆሮ ሣጥን ጭምብል ይሻላል። ከሰል ያለበት ሣጥን፣ ቱቦ፣ በጥርስ የሚያዝ አፍ መያዣና የአፍንጫ መቆንጠጫ አለው። መቆንጠጫው ያማል፣ ለሃጭም በአገጭ ይወርዳል። ቢሆንም የፊቱ ጨርቅ ቢቀደድ ወይም መስታወቱ ቢሰበር እንኳ ሳንባን የሚያድኑት አፍ መያዣውና መቆንጠጫው ናቸው። አፍ መያዣውን ለመናገር ብላችሁ አትልቀቁ። ጭምብሉ የሚያዝበት ቦርሳ ደረት ላይ ይሁን፤ ዳቦና ካልሲ አትክተቱበት።

ምልክት፦ ጭምብል ውስጥ ማስነጠስና ማስታወክ። ከ1917 ወዲህ ጀርመኖች የተኮሱት የአርሴኒክ ብናኝ ነው፤ ከሰል አያስቀረውም፣ ተጨማሪ የብናኝ ማጣሪያ ይፈልጋል።

ምልክት፦ ደህና ነኝ ያለው ሰው በማግስቱ ይሞታል።

ፎስጂን የሚባለው ጋዝ፣ ከዲሴምበር 1915 ጀምሮ። የሻገተ ድርቆሽ ይሸታል። ሳንባው ቀስ በቀስ ውሃ ይሞላል፤ ድካም ደግሞ ያፋጥነዋል። በእግሩ አታስኬዱት። በቃሬዛ ተሸክማችሁ ሙቀት ስጡት።

ምልክት፦ ከሰዓታት በኋላ ዓይን ያብጣል፣ ብብትና ጭን ውሃ ይቋጥራል።

የሰናፍጭ ጋዝ፣ ከጁላይ 1917 ጀምሮ። ጭምብል ብቻውን አይበቃም፤ ቆዳም ያቃጥላል፣ መሬት ላይም ለቀናት ይቆያል። ጫማ ላይ የተጣበቀ ጭቃ ሞቃት መጠለያ ውስጥ ሲገባ ይተንና የተኙትን ሁሉ ይመርዛል። በ1925 የጄኔቫ ስምምነት እንዲህ ያለውን ጋዝ ቢከለክልም ጣሊያን ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ በአገራችን ላይ አዘነበችው፤ ብዙዎቹ ዘማቾቻችን ጫማ እንኳ አልነበራቸውም። ልብሱን ደጅ አስወልቁ፣ ገላውን በሳሙና እጠቡ፣ መሬቱ ላይ የበረኪና ዱቄት በትኑ። ዓይኑን እንዳያሽ ያዙት። ልብሱን የሚያነሳ ሰውም ባዶ እጁን አይንካ፤ ብዙ አስታማሚዎች የተቃጠሉት ከበሽተኛው ልብስ ነው።