ለኩላሊት ታማሚ ድንች ስትሠሩ ውሃውን ድፉት

ሐኪም «ፖታሲየም ቀንስ» ያለው ሰው ቤታችሁ ካለ ድንች ጭንቀት ነው፤ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ድንች ውስጥ ብዙ ነው፣ የታመመ ኩላሊት ደግሞ በደንብ አያስወጣውም። በተለይ በጾም። ጎንደር ላይ ሽሮው ቀርቶ፣ ምስሩ ቀርቶ፣ ድንች ወጡም ከቀረ ምን ሊበላ ነው?

ዘዴው እንዲህ ነው። ድንቹን ላጡና ከአውራ ጣት ጥፍር ባልበለጠ መጠን ክተፉት። በሰፊ ድስት ብዙ ውሃ አድርጋችሁ ጣዱት፤ ሲፈላና አረፋ ሲያወጣ፣ ውሃውም ደፍረስ ሲል፣ አጥልሉና ድፉት። ከዚያ በአዲስ ውሃ እስኪበስል ቀቅሉት፣ ያንንም ድፉት። ወጥ ከሆነ ቁሌቱን ለብቻ ሠርታችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሩት። «ጣዕሙ እኮ ውሃው ላይ ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ግን ፖታሲየሙም እዚያው ነው!

ፖታሲየም ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ድንቹ በደቀቀ ቁጥር ብዙ ይወጣል። ተከትፎ ሲቀቀል ግማሽ ያህሉን ሊተው ይችላል። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደር ብቻውን እምብዛም አይረዳም። ከነልጣጩ ሙሉውን ቀቅሎ በሚጥሚጣ መብላትማ ጭራሽ አይሠራም።

ሲሰለች ነጭ ሩዝ አለ፣ የፎገራው ቅርባችን ነው፤ ፖታሲየሙ ሳይዘፈዘፍም ትንሽ ነው።

ታዲያ ተቀቀለ ተብሎ ሳህን ሙሉ አይበላም። ስኳር ያለበት ሰው መጠኑን እንደወትሮው ይቁጠር። በምርመራ ፖታሲየሙ ደህና ወይም ዝቅተኛ የሆነ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፣ ቫይታሚኑን በከንቱ መድፋት ነው። ደግሞ የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውን አትነስንሱበት፤ አብዛኛው ራሱ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው።