ሽብርን ለመከላከል ከነዋሪው ጋር መሥራት፦ እምነት ሳይጠፋ ፕሮግራም እንዴት ይዘረጋል?

የከተማ አስተዳደርም ሆነ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ ልዩ ልዩ ባህልና ሃይማኖት ካለው ነዋሪ ጋር ሽብርተኝነትን ለመከላከል ሲነሳ በጀት ከማጽደቁ በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ይመልስ፦ ነዋሪው የሚነግረን ነገር የት ይደርሳል? ይህ ሳይጠራ የተጀመረ ፕሮግራም የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስበት አይጸናም።

እንግሊዝ ውስጥ በርሚንግሃም የሆነውን እንይ። ዋሽዉድ ሂዝና ስፓርክብሩክ በተባሉ፣ ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ከ200 በላይ ካሜራዎች ተተከሉ፤ በድብቅ የተተከሉም ነበሩባቸው። ለነዋሪው የተነገረው ተራ ወንጀልን ለመከላከል እንደሆነ ነው፤ ገንዘቡ የመጣው ግን ከፀረ ሽብር በጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ነገሩ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ፖሊስ ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሜራዎቹ በፕላስቲክ ተሸፍነው ቆይተው ተነቀሉ። የሸሸውን እምነት መመለስ ግን ካሜራ እንደ መንቀል አይቀልም።

ስለዚህ አንድ ገጽ ሰነድ በነዋሪው ቋንቋዎች ያዘጋጁ። ገንዘቡ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣ፣ መረጃ ያለ ባለጉዳዩ ፈቃድ ለፖሊስ የሚተላለፈው የሰው ሕይወት ላይ አፋጣኝ አደጋ ሲኖር ብቻ እንደሆነ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ለማን እንደሚያቀርብ ይጻፍበት። ቀጥሎ ድጋፍ የሚያገኙ ማኅበራት የሚሞሉትን የሪፖርት ቅጽ አውጥተው ይመልከቱ። የተሳታፊ ስም፣ ሃይማኖት ወይም አድራሻ የሚጠይቅ ሣጥን ካለ ይሰረዝ፤ ቁጥርና የዕድሜ ክልል ይበቃል። ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው በዚች ሣጥን ነው። ቅጹን ያዘጋጀው ባለሙያ ስለላ በሐሳቡ አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቱ ለኦዲት የሚጠቀምበትን የተለመደ ቅጽ ነው የገለበጠው። ወጣቱ ግን «ስምህን ጻፍ» ተብሎ ወረቀት ሲዞርለት ሁለተኛ አይመጣም፤ ጓደኞቹንም ያስቀራል።

ፕሮግራሙ አንድን ሃይማኖት ብቻ ዒላማ እንዳያደርግም ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች በሁለት መስጊዶች ላይ በተፈጸመው ጥቃት 51 ሰዎች ተገደሉ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን የጸጥታ ተቋማቱ ትኩረት አግባብ ባልሆነ መጠን በአንድ ወገን ስጋት ላይ ያረፈ እንደነበር ደምድሟል። በጥርጣሬ የሚታየው ማኅበረሰብ ራሱ የጥቃት ሰለባ ሊሆን ይችላል፤ ጥበቃና ድጋፍ የሚያገኝበት መስመር ከመጀመሪያው ዕቅዱ ውስጥ ይግባ።

አጋር ሲመርጡ በየስብሰባው ፊት ለፊት በሚቀመጡት ታዋቂ ሽማግሌዎች ብቻ አይወሰኑ። እናቶች፣ የስፖርት አሠልጣኞች፣ የወጣት ማኅበራት፣ ገና ሕጋዊ ምዝገባ ያላገኙ ትናንሽ ስብስቦች ወጣቱን በቅርብ ያውቁታል። ለእነዚህ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው ከሦስት ገጽ አይብለጥ፤ ከክፍያውም ከፊሉ በቅድሚያ ይለቀቅ፣ ምክንያቱም ወጪውን ከኪሳቸው ሸፍነው ስድስት ወር የሚጠብቁበት አቅም የላቸውም። የአስተርጓሚ ነገርም አለ፦ በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ አስተርጓሚው የባለጉዳዩ ዘመድ ወይም ባላንጣ ሊሆን ስለሚችል ማን እንደሚመጣ አስቀድመው ይንገሩት፣ ካልተስማማው ይቀይሩ።

ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል? የአንድ ቀን የባህል ፌስቲቫል ፎቶው ያምራል፤ ሰዎቹ ግን በማግስቱ አይተዋወቁም። ጥላቻን የሚያለዝበው በእኩልነት፣ ለጋራ ግብ፣ በተደጋጋሚ አብሮ መሥራት ነው። ከሁለት ሰፈር የተውጣጡ ከ15 እስከ 20 ወጣቶች ለስምንት ወር በየሳምንቱ ተገናኝተው አንድ ነገር ሲሠሩ፣ ሺህ ሰው ከታደመበት ድግስ የተሻለ ፍሬ ያፈራል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ በዲሴምበር 2014 ሲድኒ ውስጥ በአንድ ካፌ ከደረሰው እገታ በኋላ፣ በ2015 የተጀመረው ኮምፓክት የተባለው ፕሮግራምም ማኅበራትን በትብብር በማሠራት ላይ የቆመ ነው።

በጣም ስስ የሆነው ክፍል የቤተሰብ ጥሪ ነው። አንዲት እናት ልጇ መለወጡ አስጨንቋት ስትደውል ስልኩን የሚያነሳው በቋንቋዋ የሚያናግር የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ይሁን። የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን አስጨነቀሽ?» ነው፤ «ምን ያነባል፣ ማን ጋር ይውላል?» ብሎ መጀመር ምርመራ ያስመስለዋል። ጢም ማሳደግ፣ አለባበስ መቀየር ወይም ጸሎት ማብዛት በራሱ ምልክት አይደለም። ክብደት የሚሰጠው ጥቃትን ማወደስ፣ አንድን ወገን ከሰው አሳንሶ ማየት፣ ከቀድሞ ሕይወት በድንገት መቆረጥ፣ ታጣቂዎችን ለመቀላቀል ወይም ሰው ለመጉዳት መዘጋጀት ሲደራረብ ነው።

ባለጉዳዩ ከፈቀደ ጉዳዩ ከትምህርት ቤት፣ ከጤና፣ ከማኅበራዊ አገልግሎትና ከፖሊስ በተውጣጣ ትንሽ ቡድን ይታይ። ሰብሳቢነቱ ግን ለፖሊስ አይሰጥ፤ በእንግሊዝ ወደ ሽብር ሊሳቡ ይችላሉ የተባሉ ሰዎችን በሚደግፈው፣ ቻነል በተባለው አሠራርም ሰብሳቢው የአካባቢው አስተዳደር ነው፣ ድጋፉም የሚሰጠው በባለጉዳዩ ፈቃድ ነው። አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋምም ነባሩን መረብ መጠቀም ይሻላል። በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ትምህርት ቤት፣ ማኅበራዊ አገልግሎትና ፖሊስ የወጣት ጥፋትን ለመከላከል ድሮ ይገናኙበት የነበረው መረብ ለዚህም አገልግሏል። መዝገቡ ሲዘጋ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ በ6 ወርና በ12 ወር እንደገና ይጠየቅ።

ጥቃት በደረሰ ቀን ወዳጅ ፍለጋ መውጣት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የስልክ ሰንሰለቱ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ እያንዳንዱ ሰው ለአምስት ሰው ይደውል፣ ለእያንዳንዱም ተተኪ ይኑረው፣ ቁጥሮቹ በየሦስት ወሩ ይሞከሩ። ሳይሞከር የቆየ ዝርዝር በቀኑ የሚያወጣው የተዘጉ ስልኮችን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሃይማኖት አባቶችን ሲያነጋግሩ «አውግዙ» ከማለት በፊት «ምን ያስፈልጋችኋል?» ይበሉ። ያልሠሩትን እንዲያወግዙ መጠየቅ ተጠርጥራችኋል ማለት ነው። ለአምልኮ ቤቶች ጥበቃ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚመለሱበት መንገድ፣ በሂጃብ ወይም በመልክ የሚለዩ ሰዎች ጥቃት ሲደርስባቸው የሚደውሉበት ቁጥር በዚያው ዕለት ይታወቅ።

ውጤቱን በተሰብሳቢ ብዛትም በእስር ብዛትም አይለኩ። ሥራው ሳይጀመር ስም የሌለው አጭር መጠይቅ ይበተን፦ ስጋት ቢያድርብዎ ለማን እንደሚነግሩ ያውቃሉ? ይነግራሉ? ካልነገሩ ለምን? ያንኑ መጠይቅ ከ12 ወር በኋላ ይድገሙ። «አውቃለሁ ግን አልነግርም» የሚሉት ከበዙ ወደ አንድ ገጹ ሰነድና ወደ ሪፖርት ቅጹ ይመለሱ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

በጀቱ የሚያልቅበትን ቀን ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ለማኅበራቱ ይንገሩ፤ የቤተሰብ ስልክ መስመሩን የሚረከበው መሥሪያ ቤትም በስም ይለይና ነባሩ ባለሙያ ከአዲሱ ጋር ሁለት ወር አብሮ ስልክ ያንሳ።