አዲስ የዒላማ ጠመንጃ ይዘው ተኩስ ሜዳ ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀርመን አገር የተኩስ ክለብ ከገባሁ አራት ዓመት አለፈኝ። የራሴን ጠመንጃ የገዛሁት ግን ከአንድ ዓመት በላይ ከጠበቅኩ በኋላ ነው። ሕጉ እንደዚያ ነው። ለዒላማ ስፖርት ጠመንጃ መግዛት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 12 ወር የክለብ አባል ሆኖ እየተኮሰ መቆየት አለበት። ፈተና ማለፍና ቤቱ ውስጥ የሚቆለፍ የብረት ካዝና ማዘጋጀትም ይጠበቅበታል። ያን ያህል ጠብቄ ጠመንጃው እጄ ሲገባ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመጀመሪያውን ቀን ያበላሸብኝም ያው ጉጉት ነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ጠመንጃ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሰናከሉት። በአንድ ከሰዓት ውስጥ ፍርድ መስጠት ይፈልጋሉ። ወይ «ምርጥ ዕቃ ነው»፣ ወይ «ተሸወድኩ»። በመጀመሪያው ቀን ግን ጠመንጃው ስለ ራሱ ገና ምንም አልተናገረም። የሚናገሩት የላሉ ብሎኖች፣ ከፋብሪካ የመጣ ዘይት፣ ያልተለመደ ጥይትና የራስዎ ትከሻ ናቸው።

የማወራው ስለ ባለ 22 ካሊበር የዒላማ ጠመንጃ ነው፤ በ50 ሜትር የሚተኮሰው። የዒላማው ጥቁር ክብ 112.4 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። መሀሉ ላይ ያለው 10 ቁጥር ግን 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጥይቱ ራሱ 5.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከ50 ሜትር ላይ ሆነው ሲያዩት 10 ቁጥሩ ጨርሶ አይታይም። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ትንሿ ነገር ሁሉ ትቆጠራለች።

ደስታ ጥንቃቄን ሲያስረሳ

አዲስ ጠመንጃ ሲመጣ ሁሉም ሰው ይሰበሰባል። «እስቲ ልየው፣ እስቲ ልያዘው» ይባላል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠመንጃው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ ማንም ልብ አይልም። ለማሳየት ከፈለጉ ማቀባበያውን ከፍተው፣ ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም አረጋግጠው፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ያሳዩ። ሰው ከፊት ለፊት ዒላማ ሊቀይር ከሄደ ደግሞ ጠመንጃውን ጭራሽ አይንኩት።

ሌላው ነገር ምላጩ ነው። የውድድር ጠመንጃ ምላጭ ከ100 ግራም በማይበልጥ ጫና ሊለቅ ይችላል። የወታደር ጠመንጃ ግን ኪሎዎችን ይጠይቃል። ልዩነቱን ያየሁት አንድ ቀን ጋሼ የምላቸውን የአገሬን ሰው በእንግድነት ይዤ ስሄድ ነው። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ። ጠመንጃ ይዞ መተኛትም ሆነ ማነጣጠር ማንም አያስተምራቸውም። ተኙ፣ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አደላደሉ፣ ጣታቸውን በልምዳቸው ምላጩ ላይ አሳረፉ። ጧ! አለ።

«ምነው፣ ገና ሳልስበው ሄደ?» አሉኝ ደንግጠው።

አፈሙዙ ወደ ዒላማው ስለነበር ጥይቱ ከኋላ ያለው መከላከያ ውስጥ ገባ። ማንም አልተጎዳም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። አስቀድሜ በባዶው ማስለመድ ነበረብኝ። ዛሬ አዲስ ጠመንጃ ለያዘ ሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ያለ ጥይት አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ምላጩን ይሳቡ። የት ላይ እንደሚጠብቅ፣ የት ላይ እንደሚለቅ ጣትዎ ይወቀው። አንዳንድ ባለ 22 ጠመንጃ ግን በባዶው ሲተኮስ መርፌው ሊጎዳ ስለሚችል መመሪያውን አስቀድመው ያንብቡ። ማስለመጃ የፕላስቲክ ጥይትም አለ፤ ዋጋው ርካሽ ነው።

እኛ ዘንድ ጠመንጃ ሲነሳ ፉከራና ቀረርቶ አብሮ ይነሳል። ውብ ባህል ነው፣ እወደዋለሁ። ይህ ስፖርት ግን ሌላ መንፈስ ይፈልጋል። ከ1896ቱ የአቴና ኦሎምፒክ ጀምሮ ሲወዳደሩበት የኖሩ ሰዎች ሙያቸው ዝም ብሎ መተንፈስ ነው።

ከካርቶኑ እንዳወጡት መተኮስ

አዲስ ጠመንጃ ዝገት እንዳይዘው ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ውስጡም ጭምር። ያንን ሳይጠርጉ ከተኮሱ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች የትም ይሄዳሉ። ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ከኋላ በኩል እያስገቡ፣ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይጥረጉ። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙረው ውስጡን ይዩ። ምንም ነገር እንዳልተሰነቀረበት ማረጋገጥ የደህንነት ጉዳይም ነው።

ቀጥሎ ብሎኖቹ። ብረቱን ከሰደፉ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ከላሉ፣ ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ቅንጣት ያህል ቦታውን ይለቃል። አንድ ጓደኛዬ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጥይት ሲያባክን ነበር። ነጥቦቹ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ላይ ይሄዱበታል። ትንፋሹን ወቀሰ፣ ጥይቱን ወቀሰ፣ በመጨረሻ ጠመንጃውን ሊመልሰው ተነሳ። አንድ ሽማግሌ የክለባችን አባል መጥተው የማነጣጠሪያውን መቀመጫ በሁለት ጣት ነካ አደረጉት። ተነቃነቀ። ብሎኑ ላልቶ ነበር። አለቀ። ብሎኖቹን መመሪያው በሚለው ልክ፣ በመለኪያ ቁልፍ ያጥብቁ። በጉልበት ማጥበቅም ያው ስህተት ነው፤ እንጨቱን ይጨፈልቃል።

ጥይትን እንደ ተራ ነገር ማየት

ይህ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ስህተት ነው። ሰው ለጠመንጃው ያለ የሌለ ገንዘቡን ያወጣና ጥይት ላይ ሲደርስ ያገኘውን ይገዛል። በተለይ ማሸጊያው ላይ «ከፍተኛ ፍጥነት» የሚል ካለ ደስ ይለዋል። ለዒላማ ተኩስ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ፈጥኖ የሚወጣ ባለ 22 ጥይት አየሩ እያዘገየው ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲወርድ ይናወጣል። የውድድር ጥይት ስለዚህ መጀመሪያውኑ ከድምፅ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በሰከንድ 330 ሜትር አካባቢ እንዲሄድ ተደርጎ ይሠራል። እርሳሱ 2.6 ግራም ብቻ ስለሆነ ቀላል ነፋስ እንኳ ከ10 ወደ 9 ያወጣዋል።

ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች አንድ ዓይነት ጥይት አይወዱም። አባባል እንዳይመስልዎ። ላፑዋ የሚባለው የጥይት አምራች ጀርመን ውስጥ ሾነቤክ በምትባል ከተማ የመፈተሻ ማዕከል አለው። ተወዳዳሪዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ጠመንጃው በመያዣ ብረት ይታሰርና ከተለያየ ጊዜ ምርት የመጡ ጥይቶች አንድ በአንድ ይተኮሱበታል። የማሸጊያው ስም አንድ ሆኖ የምርት ቁጥሩ ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል። ለጀማሪ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሦስት ወይም አራት ዓይነት ጥይት፣ ከእያንዳንዱ አንድ ፓኮ ገዝቶ መሞከር ይበቃል።

ሲሞክሩ ግን አንድ ነገር አይርሱ። እርሳሱ በሰም ነገር የተቀባ ነው። ጥይት ሲቀይሩ የፊተኛው ሰም አፈሙዙ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አዲሱን ጥይት ከ10 እስከ 20 ያህል ተኩሰው ነው መመዘን የሚጀምሩት። ጠመንጃውን ካጸዱ በኋላም እንደዚሁ። እኔ በመጀመሪያው ቀን አራት ዓይነት ጥይት አምስት አምስት እየተኮስኩ ቀያየርኩና አንዱን «ይህ የማይረባ ነው» ብዬ ጣልኩት። ዛሬ የምጠቀመው እሱኑ ነው።

ሰውነትን ለጠመንጃው ማጠፍ

የዒላማ ጠመንጃ እንደ ልብስ ነው፤ በልክ ይደረጋል። የጉንጭ ማሳረፊያው ከፍ ዝቅ ይላል፣ የሰደፉ ጫፍ ይረዝማል፣ ያጥራል። ብዙ ሰው ግን ከፋብሪካ በመጣበት ልክ ይይዘውና አንገቱን ቀብሮ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ይተኩሳል። አሥር ጥይት ሳይሞላ አንገቱ ይደነዝዛል። ከዚያ «ይከብዳል» ይላል።

ቀላል መፈተሻ አለ። ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጠመንጃውን አንስተው ጉንጭዎን እንደሚመችዎ ያሳርፉ። ዓይንዎን ሲገልጡ በማነጣጠሪያው ቀዳዳ መሀል እያዩ ከሆነ ልኩ ነው። ጭንቅላትዎን ማንቀሳቀስ ካስፈለገዎ ማሳረፊያውን ያስተካክሉ። ከዚያ ያነጣጥሩ፣ እንደገና ይጨፍኑ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተንፍሱ፣ ይግለጡ። ጠመንጃው ከዒላማው ዞር ብሎ ካገኙት በክንድዎ አይግፉት። ክንድ ይደክማል። ወገብዎንና እግርዎን ያዙሩ። የመጀመሪያው ሰዓት በሙሉ ለዚህ ቢውል አይቆጭም።

የማነጣጠሪያውን ቋንቋ ሳይማሩ ማሽከርከር

በዒላማ ጠመንጃ ላይ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ዳዮፕተር የሚባል ትንሽ ቀዳዳ፣ ከፊት ደግሞ ቀለበት ይኖራል። ጥቁሩን ክብ ቀለበቱ መሀል ማስቀመጥ ነው። ጀማሪ «ጠበብ ካለ ትክክል ይሆናል» ብሎ በጣም ጠባብ ቀለበት ይመርጣል። ያኔ በጥቁሩና በቀለበቱ መካከል ነጭ አይታይም፤ ዓይን ይጠራጠራል፣ ጣት ያመነታል። በዙሪያው በግልጽ ነጭ የሚታይበትን ሰፋ ያለ ቀለበት ያድርጉ።

የእኔ ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥይቶች ከመሀሉ በላይ አረፉ። ማዞሪያው ላይ «ሀ» የሚል ድምፅ ያለው የላቲን ፊደልና ቀስት አለ። «ሆህ» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል የመጣ ነው፤ ከፍ ያለ ማለት ነው። ዝቅ እንዲልልኝ ስለፈለግኩ ከቀስቱ ተቃራኒ አዞርኩ። ጥይቱ ይብሱን ወጣ። ጨመርኩ። ጭራሽ ከጥቁሩ ሊያልፍ ደረሰ። ላብ አጠመቀኝ። ለካስ በብዙ የጀርመን ማነጣጠሪያዎች ላይ ቀስቱ «ጥይትህ ከፍ ብሎ ካረፈ ወደዚህ አዙር» ነው የሚለው። የአሜሪካኖቹ ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ጥይቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው። የተለያየ ንግግር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አሥር ክሊክ (ማዞሪያው ሲዞር ቀጭ የሚልበት እያንዳንዱ እርምጃ) ብቻ አዙረው፣ ሦስት ጥይት ተኩሰው፣ ወዴት እንደሄደ ይዩና በማስታወሻ ይጻፉት።

በጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር (ቴሌስኮፕ) ለገጠመ ሰው ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ክሊክ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ በ50 ሜትር ግማሹን፣ 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳል። ብዙዎች የ100 ሜትሩን ቁጥር ይዘው በ50 ሜትር ያሰላሉና ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

በሦስት ቀዳዳ መፍረድ

በዚያው ቀን፣ ማነጣጠሪያው ከተስተካከለ በኋላ፣ ሦስት ጥይቶች ተነካክተው አረፉልኝ። የጀርመን 1 ሳንቲም አስቀምጬባቸው ሸፈናቸው። ፎቶ አነሳሁ፣ ለወንድሜ ላክሁ። ቀጥዬ በዚያው ወረቀት ሰባት ጨመርኩ። አሥሩን ለመሸፈን የ1 ዩሮው ሳንቲም ራሱ አልበቃም። ጠመንጃው በመካከሉ አልተበላሸም። ሦስት ጥይት በዕድልም ይነካካል። እውነቱን የሚናገረው አሥር ጥይት ነው፣ ያውም በተለያየ ቀን። መጥፎዋንም ቀዳዳ ይቁጠሯት። «እሷ የእኔ ጥፋት ናት» እያሉ መዝለል ከጀመሩ የሚለካ ነገር አይኖርም።

ከዚሁ ጋር፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ አይቀይሩ። ጥይት ቀይረው የጉንጭ ማሳረፊያም ካነሱ፣ ውጤቱ ሲሻሻል ማን እንዳሻሻለው በምን ያውቃሉ?

በአንድ ቀን መቶ ምናምን ጥይት መጨረስም አያስፈልግም። 50 ወይም 60 ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚተኩሰው ድካም ነው።

ትንንሽ የሚመስሉ

ጥይት ከከሸፈ ማቀባበያውን ወዲያው አይክፈቱ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጉ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው ፈዘዝ ካለብዎ ቀጣዩን በፍጹም አይተኩሱ። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «22 እኮ ድምፁ ትንሽ ነው» ብለው ጆሮዎን ሳይሸፍኑ አይተኩሱ፤ ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። የዓይን መከላከያም ያድርጉ።

ሲጨርሱ ባዶነቱን እንደገና አረጋግጠው፣ በሚቆለፍ ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት። ቀለሁን ከመሬት ይልቀሙ። ከዚያ እጅዎን በሳሙና በደንብ ይታጠቡ፤ እጅዎ ላይ እርሳስ አለ። ቡናውና ኬኩ ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ ክለብ መታጠቢያ ቤት ከካፌው በር አጠገብ ነው፣ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።