ኮዱን ሳልዘጋ ገቢ ያገኘሁበት መንገድ

የሠራሁትን ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ዝግጁ ኮድ) መጀመሪያ የለቀቅኩት በኤምአይቲ ፈቃድ ነበር። ስሜንና የፈቃዱን ጽሑፍ እስካቆየ ድረስ ማንም እንዳሻው ይጠቀምበታል። አንድ ድርጅት ወስዶ ኮዱን ለማንም የማያሳይ የተዘጋ አገልግሎት ሠራበት። ለኔ የደረሰኝ የእርዳታ ጥያቄ ብቻ ነው። አልከሰውም፤ የፈቀድኩት እኔ ነኝ።

መዝጋት ግን አልፈለግኩም። እኔም የተማርኩት ከሰው ክፍት ኮድ ነው።

ጂፒኤልን አሰብኩ፤ ፕሮግራሙን ለሌሎች የሚያከፋፍል ሰው ኮዱንም እንዲያጋራ የሚያስገድድ ፈቃድ ነው። ግን ፕሮግራሙን በራሱ ሰርቨር ላይ ብቻ የሚያስኬድ ሰው ኮዱን የማጋራት ግዴታ የለበትም። ይህን ክፍተት የሚደፍነው በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ኤጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ሥሪት 3 ነው። ኮዱን አሻሽሎ በኔትወርክ አገልግሎት የሚሰጥ ሁሉ ያሻሻለውን ለተጠቃሚዎቹ ማቅረብ አለበት። አዲሱን ሥሪት በዚህ ለቀቅኩት። ማጋራት ለማይፈልግ ደግሞ የሚከፈልበት የንግድ ፈቃድ አዘጋጀሁ። ማይኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌርም የሚሠራው በእንዲህ ዓይነት ጥምር ፈቃድ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሌሎች በኤጂፒኤል የሚያዋጡት ኮድ የቅጂ መብቱ የነሱ ነው፤ ሳይፈቅዱልኝ በንግድ ፈቃድ ልሸጠው አልችልም። ስለዚህ ኮድ ከመቀበሌ በፊት አጭር ስምምነት አስፈርማለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት፤ በኋላ ሰው እየፈለጉ ማስፈረም ከባድ ነው።

የድሮው ሥሪት በኤምአይቲ እንዳለ ነው፤ የተሰጠ ፈቃድ አይነጠቅም። ያ ድርጅት ግን አዲሶቹን ማሻሻያዎች ፈልጎ የንግድ ፈቃዱን ገዛ።