የካምፒንግ ቦርሳ ችግርና መፍትሄ፦ ማንገቻው ለምን ይገነጠላል?

በሰበታና በቡራዩ በኩል ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ወይም ወደ ወጨጫ ለማደር የሚወጡ ልጆች የተበላሸ ቦርሳቸውን ለእኔ ነው የሚያመጡት። ክሊፕ ማጥበቅና ድንኳን ማጠፍ ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ትከሻ ያቃጥላል። ክብደቱ ወደ ወገብ አልወረደም ማለት ነው። የወገብ ቀበቶው ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ይረፍ። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ማንገቻውን አጥብቁ። ቀበቶው ዳሌ ላይ አልደርስ ካለ ቦርሳው ለጀርባችሁ አጭር ነው፤ ለውጡት።

ባዶውን ይከብዳል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ከ40 እስከ 50 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ትልቅ ካገኘ ሰው አይተወውም፣ ይሞላዋል። ባዶውን ከ1 ኪሎ ተኩል የማይበልጥ ፈልጉ። የማያስፈልግ ኪስና ጌጥ ይቅር፤ ማንገቻው ስር ያለው ጨርቅ ግን አይሳሳ።

ማንገቻው ከላይ ይገነጠላል። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናውራ። ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ የሚሞቱት እዚችው ስፌት ላይ ነው። ገና አዲስ ናቸው። የተራራ ስዕልና «60 ሊትር» የሚል ጽሑፍ አለባቸው። 60 ሊትሩም ብዙውን ጊዜ ውሸት ነው።

ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። ማንገቻውን ወደ ላይ ሳብ ስታደርጉት ስፌቱ አፉን ይከፍታል። ይህን ካያችሁ አትሸከሙት። አንዱ ልጅ «ደርሼ እስክመለስ ይችላል» ብሎ ወጣ። አቀበቱ መሃል ላይ ተገነጠለና ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፎ ወረደ።

መንስኤው የፋብሪካው ስስት ነው። የማንገቻው ጫፍ በጠባብ ጠርዝ ተይዞ በአንድ መስመር ይሰፋል። ከኋላው ድርብ ጨርቅ የለውም። ፖሊስተር ደግሞ ጠርዙ ካልተያዘ ይተረተራል። ብዙ ጊዜ ክሩ ደህና ነው፤ ጨርቁ ነው ከስፌቱ ሾልኮ የሚወጣው። ባለቤቱም አያግዝም። ሦስት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይጨምርበታል፤ ውሃው ብቻ 6 ኪሎ ነው። ከዚያ በአንድ ማንገቻ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ይወረውረዋል። የተሞላ ቦርሳ በአንድ ማንገቻ አይነሳም! በላይኛው እጀታ አንሱት። ታክሲ ላይም ረዳቱ በማንገቻው እንዳይጎትተው ተከታተሉ።

በዚያው ቀዳዳ ላይ ደግሞ መስፋት ጥገና አይደለም። አንዷ ልጅ በሸሚዝ ክር አሰፍታው ነበር፤ ገና ዕቃ ስትጭንበት ተፈታ። ማስቲሽም አትቀቡ፤ ሲደርቅ መርፌ አያስገባም።

የአሮጌ መኪና ሴፍቲ ቀበቶ ፈልጉ፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። የሁለቱንም ማንገቻ ስር በሚሸፍን ልክ ቁረጡት። ጫፉንና የተተረተረውን ጨርቅ በላይተር ነካ አድርጉ። ነካ ብቻ! ይቀልጣል፣ ይቃጠላልም። ቀበቶውን ከውስጥ በኩል አድርጉ። ማንገቻውን ወዳልተጎዳው ጨርቅ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ሁሉንም አንድ ላይ በአራት ማዕዘን ስፉ፤ መሃሉን በኤክስ። ክሩ ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበት ወፍራም ናይለን ይሁን። ስፌቱን አታጠጋጉ፤ ቀዳዳ ሲበዛ ጨርቁ በዚያው መስመር ይቀደዳል። የልብስ ማሽን ይህን ሁሉ ድርብርብ አይበሳም፤ የጫማ ሰፊ ወስፌ ይሻላል።

ስትገዙ ቦርሳውን ገልብጡት፤ ነጋዴው ፊቱን ቢያጠቁርም ገልብጡት። ማንገቻው ስር ድርብ ጨርቅና ተመላልሶ የተሰፋ ስፌት ካየሁ እኔ የፋብሪካውን ስም አልጠይቅም። በዚህ ሚዛን ጥሩ ሳልቫጅ ከአዲስ ኮፒ ይበልጣል።

ዚፑ ተዘግቶ ከኋላ ይከፈታል። ጥርሶቹን የሚገጥመው የዚፑ መሳቢያ ላልቷል። ጎንና ጎኑን በፒንሳ በቀስታ ጫን አድርጉት። ዚፑ ከደረቀ፣ ሻማ እሹበት።

ዝናብ ያስገባል። ርካሽ ከሆነ ያስገባል፤ ስፌቱ በመርፌ የተበሳ ነው። ዕቃውን ወፍራም ፌስታል ውስጥ አድርጉ፣ ስሊፒንግ ባጉን ለብቻው ድርብ። ወጨጫ ከ3300 ሜትር በላይ ነው፤ እርጥብ ይዞ እዚያ አይታደርም።

ውስጡ ይጣበቃል፣ ቅርፊት ይረግፋል። እርጥብ እያለ ተጠቅልሎ የከረመ ነው። አይድንም። ሳልቫጅ ስትመርጡ እጃችሁን አስገብታችሁ ዳብሱ፤ ከተጣበቀባችሁ ወይም ከሸተተ ተዉት።