ቶኪዮ ውስጥ የሰፈር ምግብ ቤት እንዴት ይበላል

የምኖረው ካትሱሺካ ነው፤ የቶኪዮ ምሥራቅ ጫፍ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር። ከአገር ቤት ሰው በመጣ ቁጥር ስምንት ወንበር ብቻ ያላት አንዲት ትንሽ ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ሁሉም በሩ ላይ ሲደርስ ያቅማማል። እኔም ያንኑ ምክር እደግማለሁ።

በሩ ላይ ኖሬን የሚሉት አጭር መጋረጃ ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተዘግቷል፤ መብራት ቢበራም አታንኳኩ። ብዙዎቹ ከምሳ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ8 እስከ 11 ሰዓት ግድም ያርፋሉ።

ስትገቡ «ኢራሻይማሴ!» ብለው ይጮሁባችኋል። እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው፤ መልስ አይጠብቁም። አጎቴ ሰላምታ ሳይመልስ ማለፍ ነውር ሆኖበት፣ ለእያንዳንዳቸው ጎንበስ እያለ በሩን ዘግቶ ቆመ። ስንት እንደሆናችሁ በጣት ማሳየት ይበቃል።

ከመቀመጣችሁ በፊት ግን በሩ አጠገብ ማሽን እንዳለ እዩ። በተለይ ራመን ቤቶች (ራመን በመረቅ የሚቀርብ፣ ፓስታ መሳይ ኑድል ነው) ቀድሞ የሚከፈልበት የትኬት ማሽን አላቸው። ገንዘብ አስገብታችሁ፣ የምትፈልጉትን ተጭናችሁ፣ ትኬቱን ለሠራተኛው ትሰጣላችሁ። እኔ በመጣሁ ሳምንት ይህን ሳላውቅ ሩብ ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅኩ። ናቁኝ ብዬ ተናደድኩ። ለካ ምንም አላዘዝኩም! ሌላው ደግሞ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጁላይ 2024 የወጡትን አዳዲስ ኖቶች የማይቀበሉ አሮጌ ማሽኖች አሉ። ሳንቲም ያዙ።

ማሽን ከሌለ «ሱሚማሴን»፣ ማለትም ይቅርታ፣ ብላችሁ ሠራተኛውን ጥሩ። ማጨብጨብ አዲስ አበባ ይቅር።

ምን ልዘዝ ካላችሁኝ ቴይሾኩ እላለሁ። ሩዝ፣ ሚሶ የሚሉት የአኩሪ አተር ሾርባ፣ በጨው የቆየ አትክልትና አንድ ዋና ምግብ በአንድ ትሪ ይመጣል። ምሳ ላይ 1000 የን ግድም ነው። የእኔ ምርጫ ሳባ ሺዮያኪ ነው፤ ጨው ተነስንሶበት የተጠበሰ ማከሬል ዓሣ። ስሙ የንግሥታችን ስለሆነ አይረሳም።

አሳማ የማትበሉ «ቶን» ከሚል ስም ተጠንቀቁ። ቶንካትሱም ቶንኮትሱም አሳማ ነው። ጊዮዛ በሚሉት፣ በሊጥ ተጠቅልሎ በሚሠራው ምግብ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ አለ። «ቡታኒኩ ሃይቴማስ ካ?» ማለት አሳማ አለበት ወይ ነው።

ጾም ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ቅቤ የለበትም፣ ቶፉ የሚሉት አይብ መሳይ የአኩሪ አተር ምግብም ሞልቷል ብላችሁ ደስ ይላችኋል። ግን ሾርባውም፣ ሶባ የሚሉት ኑድል መረቅም፣ የተቀቀለው አትክልትም የሚሠራው ዳሺ በሚባል መረቅ ነው። ዳሺ ደግሞ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ይወጣል። ቀዝቃዛው ቶፉ ላይ ሳይቀር ካትሱኦቡሺ የሚሉትን የዓሣ ፍቅፋቂ ይነሰንሱበታል። በጾም ዓሣ የማትበሉ «ካትሱኦቡሺ ናሺ ዴ» በሉ፤ ያለ እሱ ማለት ነው። እናቴ በፍልሰታ መጥታ ያዋጣት ነጭ ሩዝና ኤዳማሜ ነበር፤ በእሸቱ የተቀቀለ አኩሪ አተር። «እሸት ለመብላት ነው ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት?» አለችኝ። ሁለት ሳህን ጨርሳ ነው ታዲያ።

አሁን ወደ ሃሺ፣ ማለትም መብያ እንጨቶቹ። ሩዝ ላይ አትሰኳቸው፤ እንደዚያ የሚደረገው ለሞተ ሰው የሚቀርብ ሩዝ ነው። ከእንጨት ወደ እንጨትም ምግብ አትቀባበሉ። እኔ ጓደኛዬን ላጎርስ ዓሣ በሃሺ ዘረጋሁለት፤ እሱም በሃሺው ሊቀበለኝ ሲል ባለቤቲቱ ባንኮኒውን ተሻግራ መሃላችን ትንሽ ሳህን ሰነቀረች። ኋላ ነው የገባኝ። እዚህ አገር ሰው ሞቶ አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ አጥንቱን የሚለቅመው እንደዚያ ነው። ማጉረስ ካማራችሁ ሳህኑ ላይ አኑሩለት። ሱሺ ከሆነ ደግሞ በእጅ መብላት ይቻላል፤ ለዚያ እኛን የሚያህል የለም።

ኑድል ሲበላ ድምፅ ማሰማት ነውር አይደለም። በእናቴ ቁጣ ያደግኩ ነኝና እኔ እስካሁን ይከብደኛል።

ማታ ኢዛካያ፣ ማለትም መጠጥና ምግብ ቤት፣ የምትሄዱ ከሆነ፣ ያላዘዛችሁት ትንሽ ሳህን ከመጠጡ ጋር ይመጣል። ኦቶሺ ይባላል። ግብዣ መስሏችሁ አታመስግኑ፤ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 የን ሒሳብ ላይ ይደመራል።

የሚከፈለው በር አጠገብ ካለው ካሸር ነው። ብሩን እጃቸው ላይ ሳይሆን ትንሿ ትሪ ላይ አኑሩ። ሁለተኛው ጉርሻም አይሠራም፤ ቲፕ ትታችሁ ብትወጡ ረሳችሁ ብለው መንገድ ድረስ ይከተሏችኋል። ለየብቻ ለመክፈል «ቤትሱ ቤትሱ ዴ» ማለት ነው። «በሞቴ እኔ ልክፈል» የምትባባሉ ከሆነ ግን ከወንበራችሁ ሳትነሱ ተስማሙ። ስምንት ወንበር ባላት ቤት በር ላይ ስትታገሉ፣ ከኋላችሁ ወረፋው እስከ ጣቢያው ይደርሳል።